ጭድ የበላ በሬ ሣር የበላ አይባልም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ተወልጄ ያደግሁት በሰሜን ሸዋ ሞረትና ጅሩ ወረዳ፣ አባቴ በሬ እያደለበ ያስተዳድረው በነበረ ቤት ውስጥ ነው። የሥራ ዘመኔንም በዚሁ ዞን በእንስሳት መኖ ባለሙያነት ከወረዳ ወረዳ እየተዘዋወርሁ ጨርሼ ዛሬ በጡረታ ላይ እገኛለሁ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በከተማ ሥጋ ቤቶች ደጃፍና በወጣቶች የእጅ ስልክ ላይ እየበዛ የመጣው "ሣር የበላ በሬ ሥጋ ጤና ነው፣ መኖ የበላ በሬ ሥጋ ጉዳት ነው" የሚለው አባባል ነው። አባባሉ ከመሠረቱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የሌላ አገርን የከብት አያያዝ በእኛ በረት ላይ እንዳለ የሚጭን ስለሆነ አድላቢውን ገበሬ ያለ ጥፋቱ ያስወቅሳል፣ ሸማቹንም ያለ አግባብ ገንዘቡን ያስወጣል።

ባለፈው ፋሲካ ማለዳ በሰፈራችን ሁለት በሬዎች ለቅርጫ ታረዱ። አንደኛው ጅሩ ውስጥ ከአንድ ገበሬ ጋጣ የተገዛ፣ አራት ወር ያህል በጭድ፣ በጓያ ክክ፣ በስንዴ ፉርሽካና በኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ በሚቀረው የኑግ ተረፈ ምርት) የተቀለበ ሰንጋ ነበር፤ ሁለተኛው ከይፋት በኩል የመጣ፣ የበልጉ ዝናብ ከጣለ ጀምሮ ለምለም ሣር ሲግጥ የከረመ በሬ ነው። ቆዳቸው ተገፎ ብልት ማውጣት ሲጀመር የጅሩው በሬ ጮማ እንደ ባዘቶ ነጭ፣ የይፋቱ ግን እንደ መስከረም ቅቤ ቢጫ ሆኖ ታየ። ቢላዋ ይዘው ብልት ያወጡ የነበሩት አዛውንት ጎረቤቴ የቢጫውን ጮማ ጫፍ በአውራ ጣታቸው ጫን እያደረጉ "ይሄ በሬ አርጅቷል፤ ጮማው ወይቧል፤ እኔ በበኩሌ ከነጩ ነው የምፈልገው" አሉ። ለበዓል ከአዲስ አበባ የመጣው የእህቴ ልጅ ደግሞ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ "ጋሼ፣ እኔ ያነበብኩት ተቃራኒውን ነው፤ ነጩ መኖ የበላው ስለሆነ ለልብ በሽታ ይዳርጋል፤ ከዚያኛው መደብ ባይደርሰኝ እመርጣለሁ" አለኝ። በዚያ ማለዳ ክርክሩን በሁለት ቃል መጨረስ ስላልቻልሁ፣ ያን ጊዜ ልመልስላቸው የሚገባኝን እዚህ ላይ በዝርዝር ላስረዳ።

ጮማን ቢጫ የሚያደርገው ቤታ ካሮቲን የተባለው ቀለም ነው። ካሮትን ካሮት ያሰኘው ይኸው ቀለም በለምለም ሣር ውስጥም ከአረንጓዴው ሥር ተሸፍኖ በብዛት ይገኛል፤ የሰውም ሆነ የከብት ሰውነት ወደ ቪታሚን ኤ ይለውጠዋል። ከብት ከሣሩ የሚያገኘውን ቀለም ሁሉ አይለውጠውም፤ ከፊሉ እንዳለ ወደ ጮማውና ወደ ወተቱ ቅባት ይገባል። ይህን ለማወቅ የሸዋ እናቶች ላቦራቶሪ አላስፈለጋቸውም፤ በመስከረምና በጥቅምት የሚናጠው ቅቤ ቢጫ ሆኖ እንደሚወጣ፣ ላሚቱ ጭድ ላይ በከረመችበት በየካቲትና በመጋቢት የሚናጠው ደግሞ ነጣ እንደሚል፣ ዋጋውም በዚያው መጠን እንደሚለያይ ሁሉም ያውቃሉ። የጎረቤቴ ፍርድም ባዶ አልነበረም፤ ቀለሙ ከዓመት ወደ ዓመት በጮማው ውስጥ ስለሚጠራቀም ያረጀ የግጦሽ ከብት ከወጣቱ ይልቅ የሚወይብ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ለምለም ሣር የበላ ወጣት በሬም ጮማው ቢጫ ሊሆን ስለሚችል፣ የበሬን ዕድሜ ለማወቅ ጥርሱን ማየት እንጂ በጮማው ቀለም ብቻ መፍረድ ያሳስታል። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልጨምር፤ በግና ፍየል ይህን ቀለም እንደ ከብት በጮማቸው ውስጥ አያስቀምጡትም፤ ስለሆነም የመንዝ በግ ዕድሜውን ሙሉ በሣር ላይ ቢኖር እንኳ ጮማው ነጭ ነው። "ነጭ ጮማ ሁሉ የመኖ ነው" የሚለው የእህቴ ልጅ ደንብ በመንዝ በግ ላይ ወዲያው ይፈርሳል።

ከቀለሙ ይልቅ ብዙ የሚወራለት የቅባቱ ዓይነት ነው። ኦሜጋ 3 እና ኦሜጋ 6 በሚባሉት ሁለት የቅባት ወገኖች ውስጥ ሰውነታችን ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸው፣ ከምግብ ብቻ የሚያገኛቸው ይገኛሉ። የለምለም ሣር ቅባት በመጠኑ ጥቂት ቢሆንም አብዛኛው ኦሜጋ 3 ነው፤ የበቆሎና የሌላ እህል ቅባት ግን በአመዛኙ ኦሜጋ 6 ነው። ከብት የሚያመሰኳ እንስሳ በመሆኑ የበላው ቅባት በቀጥታ ወደ ሥጋው አይሄድም፤ በጨጓራው ውስጥ የሚኖሩት ዓይን የማያያቸው ሕዋሳት አብዛኛውን ወደ ረጋ ቅባት ይለውጡታል። ከእጃቸው ያመለጠው ጥቂቱ ነው የሣሩን ወይም የእህሉን ምልክት በሥጋው ላይ ትቶ የሚያልፈው። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመና በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገመ ጽሑፍ እንዳሳየው በሣር ብቻ ባደጉ ከብቶች ሥጋ ውስጥ ኦሜጋ 6 የኦሜጋ 3 ን በአማካይ 1.53 እጥፍ ሲሆን፣ በእህል በደለቡት ውስጥ ግን 7.65 እጥፍ ነበር። እነዚሁ የጨጓራ ሕዋሳት የሣሩን ቅባት ሲለውጡ በመሐል የሚፈጠር፣ በአጭሩ ሲ.ኤል.ኤ. የሚባል ሌላ ቅባት አለ፤ እህል ሲበዛ ጨጓራው አሲድ ስለሚሆንና ሕዋሳቱ ስለሚዳከሙ፣ በሣር ባደገ ከብት ሥጋ ውስጥ ይህ ቅባት ሁለትና ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ቪታሚን ኢም እንዲሁ በሣሩ በኩል ያመዝናል። ቪታሚን ኢ ለበላተኛው ከሚሰጠው ጥቅም ሌላ ሥጋው አየር ሲነካው ቶሎ እንዳይጠቁር ይረዳል፤ ቁርጥ የሚሸጥ ሰው ከሌላው ሁሉ በፊት ይህን ልዩነት በዓይኑ ሳያየው አይቀርም።

እስከዚህ ድረስ የእህቴ ልጅ ትክክል ነው። ችግሩ የሚጀምረው እጥፍ እየተባለ የሚነገረው ቁጥር ከምን ላይ እንደተነሣ ሳይነገር ሲቀር ነው። በ100 ግራም ሣር የበላ ቀይ ሥጋ ውስጥ የሚገኘው ኦሜጋ 3 በጥቅሉ ቢደመር ከ100 ሚሊ ግራም እምብዛም አያልፍም፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ ግን ብቻውን ከ1,500 ሚሊ ግራም በላይ ይዟል። የተልባው ዓይነት ኦሜጋ 3 በሰውነታችን ውስጥ ወደ ረጃጅሞቹ፣ በዓሣ ውስጥ ወደሚገኙት ዓይነቶች የሚለወጠው በጥቂቱ መሆኑን፣ በሣር ያደገ ከብት ሥጋ ደግሞ ከረጃጅሞቹ ትንሽ እንደሚይዝ አልክድም። በ2011 እ.ኤ.አ. በሰሜን አየርላንድ የተካሄደ አንድ ጥናት ጤነኛ ሰዎች ለ4 ሳምንታት ከመታረዳቸው በፊት ሣር የበሉ የከብትና የበግ ሥጋ ሲበሉ በደማቸው ውስጥ ያለው ኦሜጋ 3 ከፍ እንዳለ አሳይቷል። ይሁን እንጂ በደም ውስጥ ከፍ ማለት አንድ ነገር ነው፣ ሰውን ከልብ በሽታ ማዳን ሌላ ነገር ነው፤ ጥናቱ የመረመረው የመጀመሪያውን ነው። በእነዚያ አገሮች ሰዎች በሳምንት ደጋግመው ሥጋ ይበላሉ። በእኛ ዘንድ ግን አንድ ምእመን በዓመት ከ180 ቀናት በላይ ከሥጋና ከወተት ይከለከላል፤ የገጠሩም ሰው በፍስክ ቀን ቢሆን ሥጋ የሚያገኘው በበዓል፣ በሠርግና በተዝካር ነው። በዓመት ጥቂት ቀን የሚበላው ሥጋ ሣር በላም መኖ በላ፣ የዓመቱን የኦሜጋ ሚዛን የሚወስነው በየዕለቱ ወጡ የሚሠራበት ዘይት ነው። ለዚህ ጉዳይ የሚጨነቅ ሰው በጾሙ ወራት እናቱ የምትበጠብጥለትን ተልባ ባይንቅ ከሥጋ ቤት ምርጫው ይልቅ ይጠቅመዋል።

ሰው ሥጋን ሲበላ በዋናነት የሚያገኘው ግን ይህ ሁሉ የሚወራለት ቅባት አይደለም። 100 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ ወደ 26 ግራም ፕሮቲን፣ ወደ 5 ሚሊ ግራም ዚንክ እንዲሁም አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮ ግራም ቪታሚን ቢ 12 አብዛኛውን ይሰጣል። ቢ 12 ከእህልም ከአትክልትም የማይገኝ ሲሆን፣ የሚሠሩት እነዚያው የጨጓራ ሕዋሳት ናቸው፤ በሣርም በመኖም ይሠሩታል። በሥጋ ውስጥ ካለው ብረት ሄም የሚባለው ዓይነት ከ15 እስከ 35 በመቶ የሚሆነው ወደ ደም ይገባል፤ ከጤፍና ከጥራጥሬ የምናገኘው ብረት ግን በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ነገር ስለሚይዘው ብዙውን ጊዜ የሚገባው ከዚያ ያነሰ ነው። ከዚህም በላይ ትንሽ ሥጋ ከእንጀራ ጋር ሲበላ የእንጀራውም ብረት በተሻለ ሁኔታ እንዲገባ ይረዳል። ለነፍሰ ጡርና ለሚያድግ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በፕሮቲን፣ በዚንክ፣ በቢ 12 እና በብረት ረገድ ሣር በበላና በመኖ በደለበ በሬ መካከል ለቤተሰብ ማዕድ ሲባል ሊነገር የሚገባው ልዩነት የለም። የእርሻ በሬ ሥጋ ጠቆር ብሎ ሲታይም ሰዎች ለሣሩ ይሰጡታል፤ የሚያጠቁረው ግን ዕድሜውና በቀንበር ሥር የሠራው ሥራ ነው፤ ጡንቻ በሠራና በቆየ ቁጥር ብረት ያለበት ቀዩ ቀለም ይጨምራልና። የእህቴ ልጅ ያልፈለገው የነጩ በሬ መደብ ከብረቱም ከፕሮቲኑም አልጎደለበትም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። "ሣር የበላ" እና "እህል የበላ" የሚለው ክፍፍል የተሠራው ለሌላ አገር ከብት ነው። በአሜሪካ ጥጃው የመጀመሪያ ወራቱን ከእናቱ ጋር በሣር ላይ ካሳለፈ በኋላ ወደ ማድለቢያ ይገባና ከአራት እስከ ስድስት ወር በበቆሎ ተቀልቦ፣ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ይታረዳል፤ "ሣር የበላ" የሚባለው ደግሞ እስኪታረድ ድረስ ለምለም ግጦሽና በወቅቱ የታጨደ ድርቆሽ ላይ የኖረው ነው። የእኛ በሬ ሁለቱንም አይመስልም። አምስትና ስድስት ዓመት ሲያርስ ኖሮ፣ ከዚያ ለሦስት ወይም ለአራት ወር ቀለብ ተሰጥቶት ወደ ገበያ ይወጣል። የቀለቡም መሠረት ጭድ ነው እንጂ በቆሎ አይደለም፤ ፉርሽካውና ፋጉሎው ከሰው ማዕድ የተረፈ እንጂ ከሰው አፍ የተነጠቀ እህል አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር በግልጽ ልናገር፤ ጭድ ሣር አይደለም። ጭድ ከደረቀ፣ ፍሬውን ከሰጠና ሕይወቱ ካለቀ ተክል የሚገኝ አገዳ ነው። አረንጓዴው ሲጠፋ ቤታ ካሮቲኑ አብሮት ጠፍቷል፣ ቪታሚን ኢው ደርቋል፣ ኦሜጋ 3 የሚሸከመው የቅጠል ቅባትም የለም ማለት ይቻላል። በሬው እህል ያልቀመሰ፣ ፋጉሎም ያላየ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከኅዳር እስከ ሚያዝያ የበላው የጤፍና የስንዴ ጭድ ከሆነ፣ በሣር ከብት ላይ የተጠና ውጤት ለእርሱ ሊጠቀስለት አይገባም። ጮማው ቢኖርም ነጭ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ጮማው ራሱ አይኖርም።

የዞናችንን ዓመት አብሮኝ ለሚያስብ አንባቢ ነገሩ ይበልጥ ይገለጥለታል። በደጋው ሣሩ የሚለመልመው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው። ኅዳር ሲገባ በደብረ ብርሃንና በአንጎለላ ሜዳ ላይ ውርጭ ወርዶ ያድርና ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ሣሩ በምጣድ የታመሰ ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ ከብቱ የሚኖረው በክምሩ ነው። የጅሩ ገበሬ የጭድ ክምሩን እንደ ቤት አስተካክሎ፣ ጣሪያና ግድግዳ ያለው አስመስሎ የሚከምረው ለውበት ብቻ አይደለም፤ እስከሚቀጥለው ክረምት የከብቱ ሕይወት በዚያ ክምር ላይ ስለተንጠለጠለ ነው። የበልግ ዝናብ የሚያገኙት የመንዝ፣ የአንኮበርና የይፋት አካባቢዎች ዝናቡ በጊዜው ከጣለ በመጋቢትና በሚያዝያ ጥቂት ለምለም ያገኛሉ፤ ያም ከቀረ እነርሱም ከእኛው ጋር ናቸው። እንግዲህ ፋሲካ የሚውለው በአመዛኙ በሚያዝያ፣ በደጋው የደረቁ ወራት መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ በፋሲካ ገበያ "ሣር ብቻ የበላ የደጋ በሬ ነው" የሚለኝን ሻጭ ሣሩን ከየት እንዳመጣው ልጠይቀው እገደዳለሁ። በእውነት ሣር የበላ በሬ ሥጋ የሚፈልግ ሰው ከብቱ ክረምቱን ግጦ ሥጋ በያዘበት ወቅት፣ በጥቅምትና የገና ጾም ከመግባቱ በፊት ባሉት የኅዳር ቀናት ቢገዛ ያገኘዋል። የመስቀል በሬ እንኳ ገና ከቀንበር የወጣና የከሳ ስለሚሆን የበላው ሣር በሥጋው ላይ ገና አልታየም።

ይህን የምለው ማድለብን ለማሳነስ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኝ። አባቴ ለሰንጋው ሳያቀርብ ቁርሱን የቀመሰበት ቀን ትዝ አይለኝም። ጓያውን አስከክቶ፣ ውኃ አርከፍክፎበት፣ ከጭዱ ጋር በእጁ እያሸ ያቀርብለት ነበር፤ እናቴ የጠላውን አተላ ስታወጣ ድርሻው የእርሱ ነበር፤ ማታ ማታ ጀርባውን በጨርቅ ሲጠርግለት በሬው አንገቱን ዘርግቶ ዓይኑን ይጨፍናል። ያ በሬ አምስት ዓመት አርሶልናል፤ በጭድ ብቻ ኖሮ ለእርድ ቢወጣ ኖሮ አጥንቱ የሚቆጠር፣ ሥጋው የሚጎተት ይሆን ነበር። በሦስትና በአራት ወር የጨመረው ሥጋና ጮማ ጉልበት የሚፈጅ ሥራ ለሚሠራ ሰው ብርታት ነው፤ አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ይሰጣልና ከበዓል እስከ በዓል ሥጋ ለማያይ ቤተሰብ ጮማ የሚጣል ነገር አይደለም። በየቀኑ ቁርጥ ለሚበላ፣ ወንበር ላይ ለሚውልና የደም ቅባቱ ከፍ ላለ የከተማ ሰው ግን ጮማ የበዛበት የሰንጋ ሥጋ እንደማይስማማው እኔም አምናለሁ፤ ለእርሱ የሚጠቅመው ጮማውን አንሥቶ ቀዩን መብላት፣ ከዚያም በላይ መጠኑን መቀነስ ነው። ጮማው ከተነሣ በኋላ በሁለቱ ሥጋዎች መካከል የሚቀረው የቅባት ልዩነት በእጅጉ ይጠባል።

በቀለቡ ላይ የምነቅፈው ነገር ካለ እህል መሆኑ አይደለም፤ አያያዙ ነው። እርጥበት ባለው ቤት የተከማቸ የኑግ ፋጉሎ ሻጋታ ይይዛል፣ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫል። በአዲስ አበባ ዙሪያ በወተት ላሞች መኖ ላይ የተደረገ ጥናት የዚህ መርዝ ዋነኛ ምንጭ የኑግ ፋጉሎ ሆኖ እንዳገኘው የሙያ ባልደረቦቼ ያውቃሉ። መርዙ ወደ ወተት የሚያልፍ ስለሆነ ከሰንጋው ይልቅ የሚያሰጋው ለላሚቱና ወተቷን ለሚጠጣው ሕፃን ነው። ስለ ጤና የሚሟገት ሰው ትኩረቱን እዚህ ላይ ቢያደርግ የበለጠ ፍሬ ያገኛል።

ስለ ዋጋውም ዝም ማለት አልቻልሁም። ባለፈው ጥር አዲስ አበባ ለሐኪም ቀጠሮ ሄጄ በነበረ ጊዜ አንድ ሥጋ ቤት ደጃፍ ላይ "ሣር ብቻ የበላ" የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ፣ የኪሎው ዋጋ ከጎረቤቱ ሥጋ ቤት ከፍ ብሎ አየሁ። ገብቼ በሬው ከየት እንደመጣ ብጠይቅ "ከሰሜን ሸዋ ደጋ" አሉኝ። ጥር ላይ በሰሜን ሸዋ ደጋ ከብት ምን እንደሚበላ በሥራዬም በኑሮዬም አውቀዋለሁ። የተሰቀለውን ሽንጥ ጠጋ ብዬ ሳየው ጮማው ነጭ፣ ውፍረቱም ከአንድ ጣት በላይ ነበር፤ በጥሩ ሁኔታ የተቀለበ ሰንጋ ነው። ያን በሬ ቀልቦ ያሳመረው ገበሬ ድካሙ በስሙ አልተጠራለትም፤ ይልቁንም ሸማቹ ገበሬው ያልሠራውን ሥራ ስም ሰምቶ ተጨማሪ ብር ከፈለ፤ ከዚያም ብር ለገበሬው የደረሰው እንደሌለ እገምታለሁ። እኔን ያሳዘነኝ ይህ ነው። የጅሩ ሰንጋ በራሱ ስም የሚኮራበት ዝና ያለው ከብት ሆኖ ሳለ የሌላ ስም ለብሶ መሸጥ አልነበረበትም።

በሥጋው ውስጥ የሣሩን ጥቅም ማግኘት ከተፈለገ መንገዱ ማስታወቂያ ሳይሆን ድርቆሽ ነው። በዞናችን አብዛኛው ሰው ሣሩ እንዲበዛለትና ዝናቡ ጨርሶ እንዲያቆምለት እያለ እስከ ኅዳር ድረስ ሳያጭድ ይቆያል፤ በዚያን ጊዜ ሣሩ ፍሬውን ጥሎ፣ ነጥቶ ከጭድ እምብዛም የማይሻል ሆኗል። ሣሩ ማበብ ሲጀምር ቢታጨድ፣ በፀሐይ ላይ ሳምንት ሙሉ ተበትኖ ከሚሰነብት ይልቅ እየተገላበጠ በሁለትና በሦስት ቀን ቢደርቅ፣ ከዚያም ዝናብና ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ቢከመር፣ ቀለሙን ጠብቆ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ድርቆሽ ይሆናል፤ አረንጓዴው ከቀረ ካሮቲኑም በከፊል ቀርቷል ማለት ነው። አቅም ያለው ደግሞ አረንጓዴ መኖን አየር እንዳይገባው አፍኖ በማስቀመጥ፣ ማለትም በሳይሌጅ ዘዴ፣ ከዚያ የበለጠ ሊያተርፍ ይችላል። ተልባ በደጋችን የሚበቅል ሰብል እንደመሆኑ ፋጉሎው በሚገኝበት ቦታ ከኑግ ፋጉሎ ጋር ቀላቅሎ መስጠት የሥጋውን ኦሜጋ 3 በመጠኑ ከፍ ያደርጋል፤ የኑግ ቅባት አብዛኛው ኦሜጋ 6 ነው፣ የተልባው ግን ከግማሽ በላይ ኦሜጋ 3 ነው። የወል ግጦሹ በየዓመቱ እየታረሰ መጥበቡን ደግሞ ሁላችንም እያየን ነው፤ መንዞች ጓሳ የተባለውን የወል የሣር ምድራቸውን ቀሮ በሚባለው የአባቶች ሥርዓት ከልለው፣ የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ጊዜ በጋራ ወስነው ማኖራቸው የሣርን ዋጋ አባቶቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁት እንደነበር ያሳያል።

ስለዚህ ለዝግጅት ክፍሉ ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛው፣ ስለ ሥጋ የሚወጡ ጽሑፎች "ሣር የበላ" የሚለውን ቃል ሲጠቀሙ በሬው ከመታረዱ በፊት ባሉት ሦስትና አራት ወራት የበላው ለምለም ሣር፣ ድርቆሽ፣ ጭድ ወይስ ቀለብ እንደሆነ እንዲለዩ፣ ከውጭ አገር የተገኘ ቁጥርም ለየትኛው ከብት የተጻፈ እንደሆነ እንዲናገሩ ነው። ሁለተኛው፣ የድርቆሽን አጨዳ የሚመለከት ትምህርት ከእንስሳት ሀብት ባለሙያዎች አስጽፋችሁ እንድታወጡልን ነው፤ ጽሑፉ ከነሐሴ መጨረሻ በፊት ቢወጣ ገበሬው በመስከረም ማጭዱን ሳያነሣ ይደርስለታል፣ ከዚያ ከዘገየ ግን ለዚህ ዓመት አይጠቅመውም።

ከአክብሮት ጋር፣
በጡረታ ላይ ያሉ የእንስሳት መኖ ባለሙያ
እነዋሪ፣ ሰሜን ሸዋ